ሰሙ አንድ፥ ወርቁ ሁለት

ደዌ ሁሉ ደዌ ነው፤ ነገር ግን በሆድ ያለ ደዌና በፊት ላይ የወጣ ደዌ አያያዛቸው አንድ አይደለም። ሆዱን የታመመ ሰው ሕመሙን ለወደደው ይነግራል፤ ካልወደደም ደብቆ ይኖራል። ፊቱን የታመመ ሰው ግን ሕመሙ ከእርሱ ቀድሞ ይናገርበታል፤ እርሱ ራሱ ምን እንደ ሆነ ሳያውቀው ያየው ሁሉ ስም ያወጣለታል። ስምም ቀላል ነገር አይደለም። መልካም ስም ሰውን ከሹመት እንደሚያደርሰው ሁሉ፥ ክፉ የደዌ ስም ሰውን ከማዕድና ከሰላምታ ይለየዋል። ስለዚህ የቆዳ ሕመም የያዘው ሰው ሁለት ነገር ይታከምለት ዘንድ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ቁስሉ ነው፥ ሁለተኛውም ሰዎች ለቁስሉ ያወጡለት ስም ነው። ይህንንም በወሎ ደጋ በኩታበር አገር የሚኖሩ የአንድ የቅኔ መምህር ታሪክ ያስረዳል።

እኒህ መምህር ቅኔን በዋድላ ተምረውና ተመርቀው፥ በአገራቸው ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ደብሩ ከገደል አፋፍ ላይ ያለ ነው፤ የተማሪዎቹም ጎጆ ከደብሩ በታች ዐለቱን ተጠግቶ ተሠርቷል። ቅኔ በጫጫታ መካከል እንደማይገኝ የታወቀ ነው። ተማሪው ገና ጉባኤ ቃና ለመቁጠር ሲጀምር ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ተቀምጦ ቃልን ከቃል እያዛመደ ያመሻል። መሪጌታውንም ይህ ልማድ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልተዋቸውም ነበር፤ ፀሓይ ስትጠልቅ ከገደሉ ሥር ባለ አንድ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው የነገውን መወድስ ያሰናዱ ነበር። በዚያ ዐለት ስንጥቅ ሽኮኮ ይገባል፥ ይወጣል። ደዌውም ከዚያ ሳይመጣ እንዳልቀረ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ በአፍንጫቸው በስተ ግራ፥ ከቀዳዳው ጥቂት ከፍ ብሎ፥ የምስር ፍሬ የሚያህል ቀይ እብጠት ወጣባቸው። ትንኝ የነከሳቸው መስሏቸው ተዉት። በኅዳር የባቄላ ፍሬ አከለ፤ በጥርም ወደ ጉንጫቸው ተስፋፍቶ አበጠ፥ ላዩም ቅርፊት አበጀ። ቅርፊቱ ሲነሣ ሥሩ ይረጥባል፤ ዳግመኛም ይደርቃል። ውጋት የለውም፥ ትኩሳትም የለውም፤ እንቅልፍ አይነሣም፥ ከሥራም አያስቀርም። ይህ አለመጠዝጠዙ ግን ሰውን የሚያዘናጋ ነው። የሚያሠቃይ ሕመም ባለቤቱን ወደ ሐኪም ይነዳዋል፤ ዝም ያለ ሕመም ግን ዛሬን በነገ እያሳለፈ ወራትን ይበላል።

በአገሩ ለእንዲህ ያለ ቁስል ስም አይጠፋም። በወሎና በሸዋ ሻህኝ ይሉታል፤ በጎንደርና በጎጃም ቁንጭር ይባላል፤ በትግራይም ጊዝዋ የሚሉት አሉ። ምክንያቱንም አንዱ የሌሊት ወፍ ሽንት ነው ይላል፤ ሌላውም ከክፉ መንፈስ ነው ይላል። ምክንያቱ ከበዛ ዘንድ መድኃኒቱም በዛ። አንድ ባለመድኃኒት ሥር ወቅጦ በማር ለውሶ ቀባቸው፤ ይህም ደኅናውን ቆዳ ጨምሮ አቃጠለው። ሌላው በጋለ ብረት ይተኮስ አለ፤ ለዐይን ይቀርባልና እርሱ ቀረ። ከደሴ ገበያ ቅባት ተገዝቶ መጣላቸው፤ ቅባቱ ለሌላ ደዌ የተሠራ ስለ ነበር አልረዳቸውም። ሁለት ሱባዔም ጸበል ተጠመቁ፤ በጸበሉ ልባቸው ጸና፥ ጭንቀታቸውም ቀለለ፤ ቁስሉ ግን እንዳለ ነበረ።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ሻህኝ መባሉ ቀርቶ ሌላ ስም ተነሣ። «የኔታን የያዛቸው ሥጋ ደዌ ነው» የሚል ሹክሹክታ በገበያ ተሰማ። ማን እንደ ጀመረው አልታወቀም፤ የሹክሹክታ አባቱ ሁልጊዜ አይታወቅም። ከዚያም ወዲያ የሆነው ነገር በጩኸት የሆነ አይደለም። ማንም በፊታቸው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ማንም ከደጁ አላባረራቸውም። ብቻ በሰንበቴው ለእርሳቸው ጠላው በልዩ ዋንጫ ይቀርብ ጀመር። ቀድሞ ትከሻቸውን አቅፈው ይሳለሟቸው የነበሩ ሰዎች ከሩቅ እጅ መንሣት አበዙ። አንዲት እናት ከሩቅ አገር መጥታ፥ «የኔታ፥ የልጁ አባት ታሟልና ደርሶ ይይልኝ» ብላ ልጇን ወሰደችው፤ ልጁም ከጥቂት ቀን በኋላ በሌላ የቅኔ ቤት ሲማር ታየ። ከ34 ተማሪዎች መካከል በፋሲካ የቀሩት 19 ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መሪጌታውን ያቆሰላቸው የቀሩት ተማሪዎች ነገር ነው። ተማሪ የሚኖረው በቁራሽ ነው። ማታ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለምዱን ለብሶ፥ በየደጁ በእመቤታችን ስም ለምኖ ያድራል። የእነዚህ ግን ድምፃቸው በተሰማ ጊዜ፥ «እናንተ የማን ተማሪዎች ናችሁ?» ይባሉ ጀመር፤ እውነቱንም የተናገሩ እንደ ሆነ ቁራሹ ከአጥር ላይ ይቀመጥላቸዋል፥ ወይም ከነጭራሹ ይቀርባቸዋል። በመምህራቸው ፊት ላይ በወጣ ቁስል ልጆቹ ጾማቸውን አደሩ። ይህንም ለመምህራቸው አልነገሩም፤ መሪጌታው ያወቁት ትንሹ ልጅ በጉባኤ መካከል ራሱን ስቶ በወደቀ ጊዜ ነው። በቤትም ባለቤታቸው መስተዋቱን ከግድግዳ አውርደው በሣጥን ከተቱት፤ መሪጌታውም መስተዋቱ ወዴት ሄደ ብለው አልጠየቁም። በትንሣኤ ሌሊት ማሕሌት ያሰናዱትን መወድስ ለአንድ ተማሪ ሰጥተው አስባሉት፤ እርሳቸው ከዓምዱ ኋላ ቆመው ሰሙት።

ዳግም ትንሣኤ በዋለ ማግሥት የነፍስ አባታቸው፥ በዕድሜ የገፉ ቄስ፥ ወደ ቤታቸው መጡ። ከጸሎት በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቋቸው።

«መሪጌታ፥ በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ በሰው ቆዳ ላይ ደዌ የታየ እንደ ሆነ ካህኑ ምን ያድርግ ተባለ?»

«ይመልከተው ነው የተባለው፥ አባቴ።»

«ተመልክቶ ያልለየለት እንደ ሆነስ?»

«ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ ዳግመኛም ያየዋል፤ እንደ ገና ሰባት ቀን ጨምሮ ያየዋል።»

«እንግዲያስ እርስዎን ማን አየዎ?»

መሪጌታው ዝም አሉ።

«ገበያው ሳያይ ፈረደ» አሉ ካህኑ። «እግዚአብሔር ለሙሴ በሰጠው ሕግ ግን አይቶ፥ ታግሦ፥ መልሶ ያላየ ሰው በማንም ላይ የደዌ ስም እንዲያወጣ አልተፈቀደለትም። እኔ ለነፍስ ነኝ፤ የቆዳን ነገር አልተማርሁም። የተማረ ሰው ይይዎ፤ እኔም በጸሎት አልለይዎትም።»

የካህኑ ነገር ለቅኔ ሰው ሌላም ሐሳብ የሚያስነሣ ነው። በኦሪት ለምጽ የተባለው በሰው ቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በልብስና በቤት ግድግዳ ላይም የሚታይ መሆኑን መጽሐፉ ይናገራል። እንግዲህ የኦሪቱ ለምጽ ዛሬ ሥጋ ደዌ ወይም ቁምጥና ከሚባለው ከአንዱ ደዌ ጋራ ብቻ የሚተካከል አይደለም። በዛሬው አማርኛ ደግሞ ለምጽ ሲባል ቆዳን የሚያነጣ፥ ከሰው ወደ ሰውም የማይጋባ ሌላ ነገር ይታሰባል። አንድ ቃል ብዙ ነገር ተሸክሞ ሲዞር፥ የማይገባውን ሰው በማይገባው ፍርድ ይጥላል። ኅብረ ቃልን የተማረ ሰው ይህን ሊስተው አይገባም።

በግንቦት መሪጌታው አንዲት ጥጃ ሸጠው ስንቅ ያዙና ከደሴ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዱ። ቦሩ ሜዳ ለሊቃውንት እንግዳ ስም አይደለም፤ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ሊቃውንቱ ስለ ሃይማኖት የተከራከሩበት የታላቁ ጉባኤ ስፍራ ነው። ዛሬ በዚያው ስም በሚጠራው ሆስፒታል የቆዳ ሕሙማንና የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከማሉ።

ያየቻቸው ሐኪም በዕድሜ ከተማሪዎቻቸው ብዙ የማትበልጥ ወጣት ነበረች። አስቀድማ ስለ ቁስሉ ሳይሆን ስለ አኗኗራቸው ጠየቀቻቸው፤ የት ይተኛሉ፥ ማታ የት ይቀመጣሉ፥ በአጠገቡ ዐለት አለን፥ ሽኮኮስ ይታያልን? ቀጥላም፥ «አባቴ፥ ዐይንዎን ይጨፍኑ፤ በነካሁዎ ጊዜ ይንገሩኝ» ብላ የጥጥ ጫፍ በቁስሉ ላይና በዙሪያው አስነካች። መሪጌታው በነካቻቸው ቁጥር «ተሰማኝ» አሉ። ክርናቸውንም ዳሰሰች። ሥጋ ደዌ ስሜት የሚያደርሱትን ጅማቶች የሚያጠቃ ስለ ሆነ፥ በያዘው ቆዳ ላይ መዳሰስ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ በክርንም አጠገብ ያለው ጅማት ሊወፍር ይችላል። ቀጥሎ የቁስሉን ጠርዝ በጣቷ ቆንጥጣ ይዛ በምላጭ ጥቂት ሰነጠቀችው፤ ከውስጡም ፍቃ በሁለት ስስ መስተዋት ላይ ቀባችው። አንዱ መስተዋት ስለ ሥጋ ደዌ ሊጠየቅ፥ ሁለተኛው ስለ ሻህኝ ሊጠየቅ፥ እያንዳንዱ በልዩ ቀለም ተነከረና ማይክሮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ ታየ።

በማግሥቱ መልሱ መጣ። በመጀመሪያው መስተዋት ላይ ምንም አልተገኘም። በሁለተኛው ላይ ግን በሥጋው ኅዋሳት ውስጥ ተሸሽገው ክብ ክብ የሆኑ እጅግ ደቃቅ ተውሳኮች ታዩ። የሻህኝ ደዌ እነዚህ ናቸው።

የዚህ ተውሳክ ወገን ስም ከዊልያም ሌሽማን የወጣ ነው፤ እርሱና ቻርልስ ዶኖቫን የተባለው ሌላ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. በየበኩላቸው በሕንድ አገር ደዌ ከተያዙ ሰዎች አካል ያገኙትን ገልጠው ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘው ዓይነት ከሌሎቹ ተለይቶ ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ነው፤ በዚያም ዘመን የደዌውን መተላለፊያ የመረመሩት ሊቃውንት ምርምር ካደረጉባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ኩታበር ነበር። ያገኙትም ይህ ነው። ተውሳኩ በሽኮኮ ቆዳ ውስጥ ብዙ ሳይጎዳው ይኖራል። የአሸዋ ዝንብ የምትባል፥ ከትንኝ የምታንስ፥ ስትበር ድምፅ የሌላት ተናካሽ በዐለት ስንጥቅና በዋሻ ትውላለች፤ ሲመሽም ወጥታ ሽኮኮውን ትነክሳለች፥ በአጠገቡ የተቀመጠውንም ሰው ትነክሳለች። የሌሊት ወፍ የለበትም፥ እርግማንም የለበትም። አብሮ በመብላትና በመሳለም አይተላለፍም። ዳዊት በ103ኛው መዝሙር ከዐለቱ ጋራ አያይዞ የሚያነሣው፥ በግእዝ ግሔ የሚባለው ፍጥረት ሽኮኮ ነው፤ ለእርሱ መጠጊያ የተሰጠው ዐለት ለቅኔ ቆጣሪውም መጠጊያ ሆኖ ነበርና ሁለቱ በአንዲት ዝንብ ተገናኙ።

ይህ ደዌ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ይገኛል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20000 እስከ 50000 ሰው እንደሚይዝ ሊቃውንት ገምተዋል። በብዙው ሰው ላይ አንድ ቁስል ሆኖ ከዓመት ወይም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ጠባሳ ትቶ በራሱ ይደርቃል። በአንዳንዱ ግን ወደ አፍንጫ ውስጥና ወደ ከንፈር ገብቶ ይበላል። በጥቂቶችም ላይ ፊትንና እጅን እግርን በእብጠት ይሞላል፤ ይህኛው በራሱ አይድንም፥ መልኩም ሥጋ ደዌን እጅግ ይመስላል። የመሪጌታው ቁስል ለአፍንጫ ቀዳዳ የቀረበ ስለ ሆነ ይድን ይሆናል ተብሎ የሚተው አልነበረም።

ሐኪሟ በየቀኑ አንድ አንድ መርፌ እስከ 28 ቀን አዘዘችላቸው። መድኃኒቱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 20 ሚሊ ግራም እየተሰፈረ ይሰጣል። የተሠራውም አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን ነው፤ ይህ ማዕድን ከጥንት ጀምሮ ሴቶች ዐይናቸውን ይኳሉበት በነበረው በጥቁሩ የኩል ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። ለጌጥ የታሰበው ድንጋይ ለመድኃኒትነት ዋለ። ነገር ግን መርፌው ቀላል አይደለም። ከአሥረኛው ቀን ወዲያ ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን ይቆረጥማቸው ጀመር፤ እህል ጠላቸው። መድኃኒቱ ልብን ሊጎዳ ይችላልና የልባቸው አመታት በመሣሪያ ይመረመር ነበር፤ ደማቸውም ይታይ ነበር። ከዚህ የተነሣ መርፌውን በየመንደሩ ሊሰጡት አይገባም።

በእነዚያ 28 ቀናት መሪጌታው ከደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ፀሓይ ሲሞቁ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሆኗቸው ነበር። ሽማግሌው ጣቶቻቸው ያጠሩ፥ የእግራቸውን ቁስል ለማሳጠብ የሚመላለሱ፥ ቀድሞ ሥጋ ደዌ የነበረባቸው ሰው ናቸው። መሪጌታው በመጀመሪያው ቀን፥ «መርምረው ሥጋ ደዌ አይደለም አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ነገሯቸው። ሽማግሌውም አብረው አመስግነው ጥቂት ዝም አሉና፥ «እኔ መድኃኒቱን ጨርሼ ከዳንሁ 20 ዓመት አለፈኝ፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላዳነኝም» አሉ። መሪጌታው መልስ አልሰጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ባለቤታቸው የላኩላቸውን እንጀራ በአንድ ሳሕን አቅርበው ከሽማግሌው ጋራ አብረው ይበሉ ነበር፤ ሕሙማኑም ያዩ ነበር።

የሽማግሌው ቃል ብዙ የሚያሳስብ ነው። የሥጋ ደዌ ምክንያት ጀርም መሆኑን ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ነው። እርግማን አይደለም፤ በዘር የሚወረድም አይደለም። ዛሬ በ6 ወር ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ ታማሚውም መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉ ይቀራል። ቀድሞ የታየ እንደ ሆነ ጣትም አያጥርም፥ እግርም አይቆስልም። እንግዲህ ሻህኝ የያዘው ሰው «ሥጋ ደዌ አይደለም» በመባሉ ብቻ ወደ ማዕድ የሚመለስ ከሆነ፥ ሥጋ ደዌ የያዘውን ሰው ከማዕድ ማራቅ ትክክል ነበር ማለት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስሙ ለሁለቱም ተሳስቷል፤ ለአንደኛው የሌላ ሰው ስም ስለ ተሰጠው፥ ለሁለተኛው የራሱ ስም እንደ ሞት ስለ ተቆጠረበት።

መሪጌታው በሰኔ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቁስሉ ቀስ በቀስ ደርቆ በመስከረም ከአፍንጫቸው በስተ ግራ ነጣ ያለ ስርጉድ ጠባሳ ቀረ። ከሄዱት 15 ተማሪዎች 8 ተመለሱ፤ ሌሎቹ በየሄዱበት ቀሩ። የነፍስ አባታቸው በሰንበቴው ተነሥተው ደዌው ምን እንደ ነበረ፥ ከምን እንደሚመጣ፥ እንደማይጋባም ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ከዚያም መሪጌታው በጠጡበት ዋንጫ እርሳቸው ጠጡ። ከዚያ ቀን በኋላ የተማሪዎቹ ቁራሽ ከአጥር ላይ መቀመጡ ቀረ። ቅኔ ቤቱም ሥርዓቱን ለወጠ፤ ቅኔ የሚቆጠረው ጧት ፀሓይ ከወጣ በኋላ ሆነ፥ ሲመሽ ወደ ዐለቱ መሄድ ተከለከለ፥ ከገደሉ ሥር ያሉት ጎጆዎችም ወደ ደብሩ ተጠግተው እንደ ገና ተሠሩ። መስተዋቱም ከሣጥን ወጥቶ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

አንዳንዶች፥ «ጸበሉ አላዳናቸውም፤ መርፌው አዳናቸው» ይላሉ። ይህ የሁለቱንም ሥራ ካለማወቅ የሚነገር ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የእግዚአብሔርን ቃል ከነገረው በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ፤ ጸሎቱ የበለሱን መድኃኒትነት አልሻረም፥ በለሱም ጸሎቱን ከንቱ አላደረገውም። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ የሐኪምን ክብርና የመድኃኒትን ከምድር መገኘት ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤች አይ ቪን መድኃኒት ከጸበሉ ጋራ መውሰድ እንደሚችሉ በገለጡ ጊዜ ከዚህ የጥንት ትምህርት አልወጡም። መሪጌታውም በቦሩ ሜዳ ሳሉ በየጧቱ አስቀድመው ጸልየው፥ ጸበል ቀምሰው፥ ከዚያ ለመርፌው ተሰልፈው ነበር።

ቅኔን የሚያውቁ ሁሉ እንደሚያውቁት፥ አንድ ሰም ሁለት ወርቅ ሊሸፍን ይችላል፤ ጀማሪው ተማሪ በሰሙ ላይ ሲቆም መምህሩ «ግባ» ይለዋል። የሰው ቆዳም እንዲሁ ነው። እብጠቱና ቅርፊቱ ሰም ነው፤ በሥሩ ያለው ደዌ አንዱ ይህ፥ አንዱ ያ ሊሆን ይችላል፤ በዐይን ብቻ የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ በየደብሩ ያለ ካህን ፊቱ የቆሰለ ምእመን በመጣለት ጊዜ የኦሪቱን ሥርዓት ያስብ። ይቅረበው፥ ይመልከተው፥ ስም ከማውጣት ይከልከል፤ ጸበሉን አጥምቆ፥ ጸሎቱን አድርሶ፥ ሳይውል ሳያድር መርምሮ ወደሚያውቅ ሐኪም ይላከው። ምርመራው እስኪመለስ ድረስ፥ ከተመለሰም በኋላ መልሱ ምንም ቢሆን፥ በሰንበቴው ዋንጫውን አይለይበት።